የቴምብርና የሳንቲም ክበብ የዓመቱ ሥራ

ክበባችን በዚህ ዓመትም እንደ ቀድሞው ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሲሰበሰብ ቆይቷል። ስለ ቴምብሮቹ ብዙ የምለው የለኝም፤ አብዛኞቹ ከአምና የተረፉ ነበሩ። የሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት ጊዜያችንን የወሰደው አንድ ሳንቲም ነው።

አንዲት የ10ኛ ክፍል አባላችን ዋሽንግተን የምትኖረው አክስቷ የላከችላትን የአሜሪካ የአንድ ዶላር ሳንቲም ይዛ መጣች። ወሬው ቀድሟት ስለነበር ክፍሉ ጢም ብሎ ጠበቃት፤ አንዱ ልጅ እንዲያውም ሳንቲሙ መኪና እንደሚገዛ ሲያስረዳ ደረስኩ። ዋጋውን ከመገመታችን በፊት ማንነቱን እንድናውቅ ጠየቅኋቸው። በአንዱ ገጽ የነፃነት ሐውልት፣ ከኋላውም ወደ አሜሪካ የሚገቡ ስደተኞች ይመዘገቡበት የነበረው የኤሊስ ደሴት ሕንፃ፣ በሌላው ገጽ ችቦው ይታያል፤ የተጻፈበት ዓመት 1986 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ የሐውልቱን 100ኛ ዓመት ለማሰብ የወጣ የብር ዶላር ሲሆን፣ በመሸጫ ዋጋው ላይ የተጨመረው 7 ዶላር ለሐውልቱና ለደሴቲቱ እድሳት የታሰበ ነበር። «ኤስ» የምትለዋ ትንሽ ፊደል ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮ የተሠራ ፕሩፍ፣ ማለትም ሜዳው (ምስልና ጽሑፍ የሌለበት ጠፍጣፋ ገጹ) እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቅ፣ ምስሉ ግን ደብዘዝ ያለ ዓይነት መሆኑን ታመለክታለች።

ማግኔት አስጠጋንለት፤ አልተሳበም። ይሁን እንጂ ከመዳብና ከኒኬል የተሠራ አስመሳይም ስለማይሳብ ወደ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ወረድን። ክብደቱ 26.7 ግራም፣ ወርዱ 38.1 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከመደበኛው ልክ ጋር ገጠመ። ቀጥለን ውሃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛን ላይ አስቀምጠን ንባቡን ዜሮ አደረግንና፣ ሳንቲሙን በክር አንጠልጥለን የብርጭቆውን ታችም ሆነ ጎን ሳይነካ ውሃው ውስጥ ስናጠልቀው ሚዛኑ 2.6 ግራም አሳየ። ይህ ሳንቲሙ ቦታውን የያዘበት ውሃ ክብደት ነው፤ የሳንቲሙ ክብደት ለዚህ ሲካፈል እፍጋቱ ከውሃ 10.3 እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ 90 በመቶ ብርና 10 በመቶ መዳብ ከሆነ ቅይጥ የሚጠበቀውም ይኸው ነው። ክሩን ይዞ እጁ ይንቀጠቀጥ የነበረው ያው የመኪናው ልጅ ነበር።

የዋጋው ነገር ግን ብዙዎቹን አሳዘነ። ከዚህ ፕሩፍ ከ6.4 ሚሊዮን በላይ ስለተሠራ በብርቅነት አይፈለግም፤ ሰብሳቢ የሚከፍልበትም በውስጡ ካለው 24 ግራም ንጹሕ ብር የዕለት ዋጋ ብዙ አይርቅም። አንድ አባል ከአያቱ ተውሶ ያመጣው ማርትሬዛ በክብደት ይበልጠዋል፤ ነገር ግን የብሩ ንጥረት 83.3 በመቶ ስለሆነ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ብቻ ነው። ማርትሬዛው ላይ 1780 መጻፉም ዕድሜውን አይመሰክርም፤ ሳንቲሙ ያንኑ ዓመት እንደያዘ በልዩ ልዩ አገሮች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሲሠራ ኖሯልና።

አንድ ጥፋት ደግሞ የእኔ ነው። ሳንቲም እንደማይወለወል አስቀድሜ አልነገርኳቸውም። ተማሪዋ እንግዳ ሊያየው ነው ብላ ዋዜማውን በጥርስ ሳሙና ፈትጋው ኖሮ፣ በአጉሊ መነጽር ስናየው መስተዋት የነበረው ሜዳ በቀጫጭን ጭረት ተሸፍኗል፤ ከብሩ በላይ የነበረችው ጥቂት ዋጋም በዚያች ሌሊት ሄደች። በክበቡ መዝገብ ላይ የሳንቲሙን ስም፣ ዓመትና ክብደት እኔ ሞላሁ፤ «ይዞታ» በሚለው ዓምድ ሥር «ተወልውሏል» ብላ የጻፈችው ግን ራሷ ናት።