የሰሊጥ አጫጁን ጭንቀት ምክር ብቻ አያቀለውም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ሰሊጥ በጋዜጣችሁ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በሚያስገኘው የውጭ ምንዛሪና በዋጋው መውጣትና መውረድ ምክንያት ነው። በየዓመቱ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ ደጋ ተነሥቶ ወደ መተማ፣ ቋራና ሁመራ ቆላ የሚወርደው ወቅታዊ ሠራተኛ ስለሚሸከመው ጭንቀት ግን እምብዛም አይጻፍም፤ ቢጻፍም «ይጠጣሉ፣ ይደባደባሉ» ከማለት አያልፍም። በአካባቢው በጤና ሥራ ላይ የቆየሁ እንደመሆኔ፣ መጠጡ የችግሩ ምንጭ ሳይሆን መጨረሻው እንደሆነ ለማስረዳት እወዳለሁ።

ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ቀን አይሰጥም። ቅርፊቱ ሲደርቅ ከጫፉ ስለሚከፈት፣ በወቅቱ ታጭዶ ካልታሰረ ዘሩ መሬት ላይ ይራገፋል። ባለእርሻውም በዚያ ሰሞን እንቅልፍ እንደሌለው አልክድም፤ ጥድፊያው ግን በመጨረሻ የሚያርፈው አጫጁ ጫንቃ ላይ ነው። በደላላ አፍ የተነገረው የቀን ዋጋ እርሻው ላይ ሲደርስ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ሂሳቡ የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ሰብሉ ታጭዶ ሂላው፣ ማለትም ታስሮ እንዲደርቅ የሚቆመው የሰሊጥ ክምር፣ ከቆመ በኋላ በመሆኑም፣ ለማዳበሪያ የተበደረውንና የልጆቹን የትምህርት ወጪ ሊሸፍን ከቤቱ የወጣ ሰው እስከዚያች ቀን ድረስ ምን ያህል ብር እንዳለው አያውቅም። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ልቤ ይመታል» ብሎ ጤና ጣቢያ ሲመጣ የወባ ምርመራ ይደረግለታል፤ ወባ ካልተገኘበት ማስታገሻ ተሰጥቶት ይሸኛል፤ ደመወዝህን መቼ ትቀበላለህ ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም።

የሚያድርበት ቦታ ሌላው የስጋት ምንጭ ነው። በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ላይ፣ ግራር ሥር ያለ አጎበር የሚተኛ ሰው ካላዛርን በምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ይነደፋል። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል፤ በአገራችን በስፋት የሚሰጠው የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ደግሞ በየቀኑ መርፌ እየተወጉ 17 ቀን የሚቆዩበት ነው። ወቅቱ እንዳያመልጠው የፈራ ሠራተኛ ትኩሳቱን ደብቆ ማጨዱን ይቀጥላል፤ ፍርሃቱም ከሕመሙ ጋር አብሮ ይከርማል።

ሠራተኞቹ መቋቋሚያ የላቸውም ማለቴ አይደለም። የአንድ ቀበሌ ልጆች ተጠራርተው ይወርዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ እያዜሙ ያጭዳሉ፤ አንዱ ሲታመም ሌሎቹ ድርሻውን ያነሡለታል። ብቻውን የቀረና ከአገሩ ልጆች ጋር ያለ ሠራተኛ ልዩነታቸው ጤና ጣቢያ ሲመጡ ከፊታቸው ይታወቃል። ደላላው ግን ለየእርሻው ሲያከፋፍላቸው በመኪናው ቦታ ልክ ስለሚቆጥራቸው፣ ከደጋ አብረው የመጡት በየፊናቸው ይበተናሉ። ብዙዎቹ ማታ ማታ አረቄ የሚለምዱት፣ እኔ እንዳየሁት፣ ከዚህ በኋላ ነው።

ሕጉ ዝም አላለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በየዓመቱ የሚደጋገም ወቅታዊ ሥራ ለተወሰነ ጊዜ የሚደረግ የሥራ ውል የሚዋዋሉበት ነው፤ ውሉ በጽሑፍ ባይሆንም ሠራተኛው መብቱን አያጣም፤ አሠሪውም በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር በጽሑፍ አድርጎ፣ ፈርሞ ሊሰጠው ይገባል። ይሁንና 15 ቀን ለብዙው አጫጅ የሥራው እኩሌታ ነው። ስለዚህ ዋጋው፣ የመክፈያው ቀንና የእርሻው ስም የሰፈሩበት አንድ ወረቀት ሠራተኛው መኪና ላይ ከመውጣቱ በፊት በእጁ እንዲገባ የወረዳው የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሊያስገድድ ይገባል እላለሁ። ክፍያውም በየሳምንቱ ቢሆን፣ ኔትወርክ ባለበት ደግሞ በቴሌብር ቢፈጸም፣ የወር ላቡን በኪሱ ይዞ በስርቆትና በእገታ ስጋት ውስጥ ወደ ጎንደር የሚመለሰው ሰው ቢያንስ ከአንዱ ሥጋት ይገላገላል። አብረው የመጡትን አንድ እርሻ ላይ መመደብ ደግሞ ለአሠሪው ምንም ወጪ የለውም።

ጋዜጣችሁ በመጪው የአጨዳ ወቅት ዘጋቢውን መተማ ውስጥ ወዳለችው ገንዳ ውኃ ከተማ ሲልክ፣ ከኩንታሉ ዋጋ ጋር የእነዚህን ሰዎች የክፍያ ቀንም እንዲጠይቅልን በአክብሮት አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጤና ባለሙያ፣ ከጎንደር