ልጅቷን መልሺያት

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቁ ልጄ መነጽር ታዞለት "አያቴን መሰልኩ" እያለ ይኮራል። ትንሿ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ሁሉን ነገር በጎን ነው የምታኝከው። ፎቷቸውን እልክልሻለሁ።

የጣትሽ ቁስል እንዴት ሆነ? አንቺ በስልክ "ድኗል" ትያለሽ፣ ጎረቤት ሌላ ይለኛል። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲቆስል ላይሰማው ይችላል፤ ይህን ዶክተሩም ነግሮሻል። ጊዮርጊስ ስትሳለሚ ጫማ ማውለቅሽ ስለማይቀር ወፍራም ካልሲ አድርጊ። መብራት ጠፍቶ ከዋለ የኢንሱሊን መርፌሽን እንዳይሞቅብሽ ትንሽ ገንቦ ውስጥ ከተሽ ገንቦውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልይው። ይህን ሁሉ ያቺ መርፌ የምትወጋሽ ልጅ ታውቀው ነበር።

ታዲያ ምን አጥፍታ ነው ያባረርሻት?

ሰምቻለሁ እማዬ። ስትወጋሽ "እጅሽ ይባረክ" አልሻት፣ ቡና አፍልታ አጠጣችሽ፣ ከዚያ "የማን ልጅ ነሽ?" ብለሽ ጠየቅሻት። ቤተሰቦቿ ጣና ሐይቅ ዳር ታንኳ የሚሠሩ ነገደ ወይጦ መሆናቸውን ስትነግርሽ የያዝሽውን ስኒ ሳትጨርሺ አስቀመጥሽው። ሙስሊም ስለሆነች ነው እንዳትይኝ፤ ከነሐጂ ቤት ጋር ዕድሜ ልካችሁን ቡና ስትጠራሩ ነው የኖራችሁት።

ያ ጣሳ ትዝ አለኝ። የድልህ ጣሳ፣ አፉ የዛገ፣ ከሽንት ቤቱ አጠገብ አጥሩ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ። በጾም ቀረሶ ዓሣ የምታመጣልሽ ወይጦዋ ሴትዮ ውሃ ሲጠማት ራሷ አውርዳ ትዘረጋለች፤ አንቺ ጣሳውን እንዳይነካ ጆኩን ከፍ አድርገሽ ታንቆረቁሪላታለሽ። ዓሣዋን ግን በእጅሽ ተቀብለሽ፣ በራስሽ ቢላዋ ቅርፊቱን ፍቀሽ፣ ጠብሰሽ ታበይናለሽ። በጣሳው ጠጣሽ ብለሽ በአርጩሜ ስትገርፊኝ ሴትዮዋ አልሄደችም ነበር። ቅርጫቷን እንደተሸከመች አጥሩ ጋ ቆማ ታየን ነበር። እማዬ፣ እኔ ከዚያ ዓይን እስከ ዛሬ አልተላቀቅሁም።

"ጉማሬ ይበላሉ" ትይን ነበር። አያቶቿ አድነው ይሆናል። የዛሬዋ ልጅ ግን ጉማሬ የምታየው እንደኔና እንዳንቺ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል፣ ከሩቅ ነው።

ደግሞ ግቢያችን። አባዬ በደርግ ጊዜ ቦታውን ተመርቶ ሲይዝ እዚያ የነበሩት ጎጆዎች የማን እንደነበሩ ጠይቄው ነበር። "ተነሱ ተባሉ፣ ተነሱ" አለኝና ራዲዮኑን ከፈተ። የዚያን ግቢ ማንጎ ሸጠሽ ነው ዩኒፎርም የገዛሽልኝ። ያሳደግሽኝን ውለታ አልክድም። ግን እኔ ዛሬ ቢሮ ስገባ የማን ልጅ ነሽ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም፤ እሷ መርፌ ይዛም ትጠየቃለች።

ለመሆኑ አንቺ ይህን ከማን ተማርሽው? ጨርቃ ጨርቅ ስትገቢ የአባዬ እናት "ልጄ ቁጢት በጣሽ አገባ" ብላ ሠርግሽን ቀረች። ፋብሪካው ጣሊያን በከፈለው የጦር ካሳ የተሠራ ነው፣ ማሽን ነው የሚፈትለው ብትያት ምን ሊገባት፤ ለእሷ ሸማኔ ያው ሸማኔ ነው። ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው አትስደቡ ብለው ያወጁት እኮ በ1900 ዓ.ም. ነው! በእኔ ክርስትና ዕለት የበላሽበትን ሳህን ለብቻው እንዳስቀመጠችው ለእትዬ እየነገርሽ ስታለቅሺ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሰምቻለሁ። ያኔ ስንት ዓመት አልፎትም ነበር፤ አንቺ ግን የሳህኑን አበባ ሳይቀር ታስታውሺው ነበር።

አልቆጣም ብዬ ነበር የጀመርኩት።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌሊቱ ነው። ስኳርሽ ወርዶ ላብ ሲያጠምቅሽ ማን ሻይ በስኳር ይሰጥሻል? በር ማን ይከፍታል? ስልኬ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከጮኸ ገና ሳላነሳው እግሬ ይከዳኛል።

ልጅቷን ደውዬ አነጋግሬያታለሁ። "እማማ ራሳቸው ከጠሩኝ እመጣለሁ" አለችኝ፤ በእኔ ጥሪ አትመጣም፣ እውነቷን ነው። ቁጥሯን የጎረቤት ልጅ ስልክሽ ላይ መዝግቦልሻል። ደመወዟን እኔ እልካለሁ፣ አንቺ ስለ ገንዘብ እንዳታነሺባት። ምሳም አብራችሁ ብሉ።

እምቢ ካልሽ ለጥምቀት መጥቼ አዲስ አበባ ነው የምወስድሽ። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ አይሠራም፣ ቤተ ክርስቲያንም በእግር አይደረስም። አስቢበት።

ልጅሽ