ይድረስ ለአምበሌ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

አምበሌ፣ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ? እማማ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። ይሄን ስጽፍልህ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ሼም ይዞኛል።

ሦስት ዓመት ጠፋሁ። አንተ ደግሞ «ምነው ጠፋህ?» ብለህ እንኳ አልወቀስከኝም። የከበደኝ እሱ ነው። በቴሌግራም የላክልኝ የድምፅ መልእክት አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ልጅህን አንድ ክለብ ለታዳጊ ቡድኑ እንደፈለገው፣ ትምህርቱን እንዳያሰናክልበት እንደፈራህ ነግረኸኝ «አንተ ምን ትላለህ?» አልከኝ። መጀመሪያ ያልመለስኩት ሺፍት በዝቶብኝ ነው። ወር አለፈ። ወር ካለፈ በኋላ «ይቅርታ ዘገየሁ» ማለት ያሳፍራል። ዓመት ሲያልፍማ ስልኩን ደፍቶ ማስቀመጥ ነው።

አሁን ምን አስጻፈህ ካልከኝ፣ ሆኪ ነው። አትሳቅ።

ሆኪ ማለት ገና ነው፤ በረዶ ላይ። ጃን ሜዳ ሄደን የምናየውን ገና አስበው። ዱላው ያው ቆልመም ያለ ነው። በጥንጓ ፈንታ ጠፍጣፋ የጎማ ቁራጭ አለች። በየወገኑ በረኛውን ጨምሮ ስድስት ሰው ይገባል። ብቻ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እዚህ አይሠራም። ይቆጣሉ፣ ጓንታቸውን ጥለው ይቧቀሳሉ፣ አምስት ደቂቃ ተቀጥተው ተመልሰው ይጫወታሉ።

የዋሽንግተኑ ቡድን ካፒታልስ ይባላል። የሚለማመዱት ቨርጂኒያ ውስጥ ቦልስተን የሚባል ሰፈር ነው። በረዶው የተዘረጋው የት እንደሆነ ታውቃለህ? ፓርኪንግ ጣሪያ ላይ፣ ስምንተኛ ፎቅ። እኔ ዕድሜዬን ሌላ ፓርኪንግ ምድር ቤት ውስጥ ስፈጅ፣ እነሱ እላዩ ላይ በረዶ አንጥፈዋል። ልጄ ነው የወሰደኝ፤ አሁን 14 ሞልቶታል። በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ገደማ ገና ዋናው ቡድን ያልገቡ ልጆችን ሰብስበው አንድ ሰሞን ያሠለጥናሉ። መግቢያው ነፃ ነው። ነፃ ሲሉኝ ሄድኩ፤ ታውቀኝ የለ።

እዚህ እኛ «ተስፋ ቡድን» የምንለው ነገር ትልቅ ጉዳይ ነው። በዋናው የሆኪ ሊግ 32 ክለቦች አሉ። በየዓመቱ 18 ዓመት የሞላቸውን ልጆች ሰብስበው በተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ሰባት ዙር፣ ባጠቃላይ 224 ልጅ። ደካማው ክለብ ቀድሞ ይመርጣል፤ ሆን ብለው እንዳይሸነፉ ለላይኞቹ ቦታዎች ዕጣም ይወጣል። ከተመረጡት ብዙዎቹ ለዓመታት ብቅ አይሉም። አንዱ ኮሌጅ ይገባል፣ አንዱ አገሩ ይመለሳል፣ ሌላው ታችኛው ሊግ ይወርዳል። ደጋፊው ታዲያ ዝም ብሎ አይጠብቅም። ክረምት ላይ ጨዋታ ስለሌለ ልጆቹን ደረጃ ያወጣላቸዋል። ከልጆቹ ማን ይበልጣል? ከክለቦቹስ የማን ተስፈኞች ይሻላሉ? ከአንድ እስከ 32 ተደርድሮ ይወጣል፤ ከዚያ ጭቅጭቁ ነው። የኔው ልጅ ደብተር ይዞ ነው የሚቀመጠው። ሒሳብ ላይ እንዲህ ቢተጋ ኖሮ ስንት ቦታ በደረሰ።

የራሳቸው ቋንቋም አላቸው። ልጁ ሁሉ ነገር ቢሳካለት የሚደርስበትን «ጣሪያ»፣ ምንም ባይሳካለት የማይወርድበትን «ወለል» ይሉታል። የፓርኪንግ ጣሪያ ላይ ተቀምጠን ስለሰው ልጅ ጣሪያ እናወራለን እልሃለሁ።

ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ፤ እዚህ የከረመ ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ሁለት ካላንደር ነው ያለው። ካላንደር ካልኩ አይቀር አንዱን ላጫውትህ። የካፒታልሱ አምበል አሌክሳንደር ኦቬችኪን ሩሲያዊ ነው። የተወለደው ሴፕቴምበር 17 ቀን 1985 ነው። በ2003 ምርጫ የዕድሜው መቁረጫ ሴፕቴምበር 15 ስለነበር በሁለት ቀን አመለጠው። የፍሎሪዳ ክለብ ሰዎች ታዲያ በዘጠነኛው ዙር ተነስተው «እንመርጠዋለን» አሉ። ያኔ ዙሩ ዘጠኝ ነበር። ምን ብለው ቢከራከሩ ጥሩ ነው? «በየአራት ዓመቱ የምትጨመረዋን ቀን ከቀነሳችሁ ልጁ 18 ሞልቶታል!» ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበትን ዓመት ይዞ የሚሟገት ሐበሻ ነው የመሰለኝ። ሊጉ አልሰማቸውም። በሚቀጥለው ዓመት ዕጣው ለዋሽንግተን ወጣና አንደኛ አድርገው ወሰዱት። ዘንድሮ ኤፕሪል ላይ 895ኛ ጎሉን አግብቶ ግሬትዝኪ የሚባለውን የድሮ ዝነኛ ተጫዋች የ894 ክብረ ወሰን ሰበረ። ይቺ መስከረም 7 ስትመጣ 40 ዓመት ይሞላዋል።

ገርሞኝ ነው እንጂ፣ እኛ ዘንድ ዕድሜ ሲቀነስ እንጂ ሲጨመር ያየ ማን አለ? ያ ጺሙን ተላጭቶ የሚመጣው «የ15 ዓመት ልጅ» ትዝ አለህ?

የኦቬችኪን ውል ሊያልቅ አንድ የውድድር ዘመን ነው የቀረው። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ ልጆቹን ቁልጭ ቁልጭ እያለ የሚያያቸው። ማን ይተካዋል ነው ነገሩ።

ደብተሩን ይዘን አንድ ቀን ከጎናችን አንድ ጡረተኛ ፈረንጅ ተቀመጡ። እሳቸውም ወረቀት ይዘዋል። ልጄ «የካፒታልስ ተስፈኞች በዘንድሮ ዝርዝር ስንተኛ የሚሆኑ ይመስልዎታል?» ሲላቸው መልስ አልሰጡትም። የ2008ን ምርጫ ያነሱለት ጀመር። እኔም ቤት ገብቼ አጣራሁት፤ ልክ ናቸው። በዚያ ዓመት ካፒታልስ መጀመሪያ የወሰደው፣ በ21ኛ ተራ፣ አንቶን ጉስታፍሰን የሚባል ስዊድናዊ ነው። አባቱ እዚሁ ዋሽንግተን የተጫወተ ዝነኛ ነበር። ልጁ በዚህ ሊግ አንድ ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ። አንድ እንኳ! በ27ኛ ተራ የወሰዱት ተከላካይ ጆን ካርልሰን ለክለቡ ከ1,000 በላይ ጨዋታ ተጫወተ። በ93ኛ ተራ፣ በአራተኛው ዙር፣ ብሬደን ሆልትቢ የሚባል በረኛ ተገኘ። በ2016 የሊጉ ምርጥ በረኛ ተባለ። በ2018 ደግሞ ክለቡ በ1974 ከተመሠረተ ጀምሮ አይቶት የማያውቀውን የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ የሚሉትን፣ ሲያነሳ በሩ ላይ የቆመው እሱ ነበር። በሁለተኛው የፍጻሜ ጨዋታ መጨረሻ ላይ በዱላው ያዳናትን ኳስ እዚህ ሕፃኑም ሽማግሌውም ያውቃታል። ከሱ በፊት 92 ልጆች ተጠርተው ነበር። የራሱ ክለብም እሱ ጋ ከመድረሱ በፊት ሌሎች አራት ልጆች ጠርቷል።

እኔ ወሬው ጥሞኝ ነገር ላሳምር ብዬ የፎርስበርግን ስም አነሳሁ። ሰውዬው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አጠገባችን የነበሩት ሁሉ ዞር አሉ። የሰው ቁስል ነክቻለሁ ለካ! ፊሊፕ ፎርስበርግ በ2012 ከአውሮፓ አንደኛ የተባለ ልጅ ነበር። ተንሸራቶ 11ኛ ላይ ሲደርስ ዋሽንግተን አፈፍ አደረገው። ደጋፊው ተደሰተ። በሚቀጥለው ኤፕሪል፣ ልጁ ለክለቡ አንዴ ሳይሰለፍ፣ በ18 ዓመቱ ናሽቪል ለሚባለው ክለብ ሰጡት። በምትኩ የመጣው ዋና ሰው 31 ዓመቱ ነበር፤ እሱም ዓመት ሳይሞላው ሄደ። ፎርስበርግ እዚያ ከ300 በላይ ጎል አስቆጠረ። አሁን ክለቡ አንድ ልጅ ሊለውጥ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር እዚህ ሰው ይሄን ያነሳል። ልጆቹን ያለ ቅጥ የሚወዱት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። አንዴ የተሰረቀ ሰው ጫማውንም ትራስ ሥር ነው የሚያስቀምጠው።

ደግሞ ዝርዝሩ ላይ አንደኛ መሆን ራሱ ምን ማለት ነው? ብዙ የሚሸነፍ ክለብ በየዓመቱ ቀድሞ ስለሚመርጥ ጥሩ ጥሩ ልጆች ይጠራቀሙለታል። ቡፋሎን ውሰድ። ተስፈኞቹ ሲመሰገኑ ኖረዋል፤ ክለቡ ግን ለ14 ተከታታይ ዓመታት ጥሎ ማለፍ አልገባም። ልጄ ይሄን ስነግረው «አባዬ፣ አንተ ተስፋ አስቆራጭ ነህ» አለኝ። ልጄ ሁሉንም በፈገግታ ነው የሚያየው፤ በናቱ ወጥቷል።

እሱ የሚከራከርላቸው ሁለት ቤላሩሳውያን ወንድማማቾች አሉ፤ ፕሮታስ ይባላሉ። ትልቁ አሊያክሴይ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። በ2019 በ91ኛ ተራ ተመርጦ ብዙ ሰው ረስቶት ነበር፤ ባለፈው የውድድር ዘመን 30 ጎል አገባ። ትንሽየው ኢሊያ በ2024 በ75ኛ ተራ ተወሰደ። ራያን ሌናርድ ደግሞ ስምንተኛ ሆኖ የተመረጠ ነው፤ እሱ ላይ የሚከራከር የለም። ኢቫን ሚሮሽኒቼንኮ የሚባለው በምርጫው ዓመት የካንሰር ሕመም ተገኘበት። ታክሞ ድኖ ለዋሽንግተን ተሰልፏል። እሱን የመሰለውን በምን ሒሳብ ደረጃ ታወጣለታለህ?

የኔ ሰው ግን ኮል ሃትሰን ነው። ተከላካይ ነው። ለተከላካይ አጭር ነው ተብሎ 43ኛ ላይ ወረደ። ዘንድሮ ጃንዋሪ ላይ በዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና በነጥብ፣ ማለት ያገባውና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ፣ ብቻውን አንደኛ ሆኖ የጨረሰ የመጀመሪያው ተከላካይ ሆነ። እና ይሄ ሁሉ እያለ የት ነው ያለው? ቦስተን፣ ዩኒቨርሲቲ። እየተማረ እየተጫወተ ነው። ክለቡ መብቱን ይዞ ይጠብቀዋል፤ «ካሁኑ ና፣ ያለዚያ ቀረብህ» የሚለው የለም። ዝግጁ ያልሆነውን ደግሞ ፔንሲልቬንያ፣ ቸኮሌት የሚሠራበት ከተማ ኸርሺ ልከው ያበስሉታል። ያ ታችኛው ቡድን በ2023 እና በ2024 የሊጉን ዋንጫ አከታትሎ በልቷል።

የጠየቅከኝ ትዝ ያለኝ እዚህ ላይ ነው፣ አምበሌ።

ያቺ ግድግዳ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ትዝ ትልሃለች? የተመረጡት 20 ልጆች ስም ያለባት? ያንተ ሦስተኛ ላይ ነበር። የኔ የለም። ከታች ወደ ላይ አነበብኩ፣ ከላይ ወደ ታች አነበብኩ። አንተ ትከሻዬን ይዘህ «ተሳስተው ነው» አልከኝ። አልተሳሳቱም፤ ሯጭ አልነበርኩም። ግን አንደኛ የተጻፈው ልጅ በዓመቱ ኳስ አቆመ። ያንተም ጉልበት በሁለተኛው ዓመት ሄደ። ጭራሽ ወረቀቷ ላይ ያልነበረው ያ ቀጭኑ ልጅ ነው በኋላ ፕሪሚየር ሊግ የተጫወተው። መራጮቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ያዩትን ጻፉ። የ18 ዓመት ልጅ ደግሞ ገና ተሠርቶ አላለቀም።

መልእክቱን ስትልክልኝ ልጁ 15 ነበር። አሁን 18 ሆኗል፤ እዚህ ልጆች የሚመረጡበት ዕድሜ መሆኑ ነው። ምናልባት ወስነህ ጨርሰህ ይሆናል፤ መልሴም ለታሪክ ይሆናል። ካልወሰንክ ግን የምለው አንድ ነው። ክለቡ ልጁ ትምህርቱን እስኪጨርስ የሚጠብቅ ከሆነ ይግባ። ዛሬውኑ ፈርም፣ ትምህርቱን ተው የሚል ከሆነ ግን አትቸኩል። እውነት ከፈለጉት ከዓመት በኋላም ይፈልጉታል። ሆልትቢን አስበው፤ ከተመረጠ በኋላ ዋናው ቡድን ላይ እስኪደላደል ዓመታት ፈጅቶበታል። ይሄን ያኔ ብነግርህ ደስ ይለኝ ነበር። ያኔ ግን አላውቀውም ነበር። ቢያንስ «አላውቅም» ብዬ ልመልስልህ ይገባኝ ነበር፤ እሱን ይቅር በለኝ።

ሥራ ልገባ ነው፤ የሌሊት ሺፍት ነኝ። ልጁ ግራ እግረኛ ነው ብለኸኝ ነበር። ሲጫወት የቀረጽከው ቪዲዮ ካለ ላክልኝ፤ ጥራቱ ግድ የለም። እኔና ልጄ አብረን እናየዋለን። ደብተሩን እደብቅበታለሁ።