ሳልመልስልህ የቆየሁት

ይድረስ ለሶል፣

ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ አሁን «እንዴት ነህ» ማለት ራሱ ያሳፍራል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አለቀ። የእማማን ነገር ደግሞ... እሱን በጽሑፍ አልችልም።

ቸግሮኝ ነው የጻፍኩት። ሳቅ፣ ይገባኛል።

ሐሙስ እዚሁ ዴልሂ ጽሑፌን አቀርባለሁ። ያው የምታውቀው ርዕስ ነው፤ ሙስሊሙ ለብቻው ተመዝግቦ የራሱን ተወካይ የሚመርጥበት፣ እንግሊዞች ህንድን ሲገዙ በ1909 ያመጡት ሕግ (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥርልህ)። ከነላላ ላጅፓት ራይ እስከ ማላቪያ የሂንዱ ፖለቲከኞች አገር ይከፍላል ብለው ተቃወሙት። እኔም ይህንኑ እየደጋገምኩ 30 ገጽ ሞላሁ። ቤንጋል የሚባለው ክፍለ ሀገር ላይ ስደርስ እጄ ተሳሰረ።

በ1932 የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ማክዶናልድ የክፍለ ሀገር ምክር ቤቶችን ወንበር ሲደለድል፣ ከቤንጋል 250 መቀመጫ ለሙስሊሞች 119፣ ሂንዱዎቹ ለሚገኙበት ጠቅላላ ምድብ 80 ደረሰ። ሙስሊሞቹ በሕዝብ ብዛት ይበልጣሉ፣ ግን እነሱም ግማሽ አልሞላላቸውም። እፍኝ የማይሞሉት አውሮፓውያን ከቁጥራቸው በላይ ወሰዱ። ከ80ው ላይ ደግሞ የሂንዱ መሪዎች እርስ በርሳቸው በተዋዋሉት የፑና ስምምነት 30ው «አይነኬ» ለሚባሉት ሂንዱዎች ተለየ። የቤንጋል ዋና ከተማ የካልካታ ሂንዱ ባለርስትና ጠበቃ እሪ አለ። በጁላይ 1936 በከተማው አዳራሽ፣ ታውን ሆል፣ ለተቃውሞ ተሰበሰቡ፤ ሰብሳቢው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የ75 ዓመቱ ባለቅኔ ታጎር! ስሙን እዚያ ሳገኘው ሻዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ታዲያ ጩኸቱ ለአገር አንድነት ነው ለወንበር? ሁለቱም ነው ብል ፈሪ እባላለሁ። አንዱን ብመርጥ እዋሻለሁ። አማካሪዬ «ወገንተኛ ሆነሃል» አሉኝ፤ ለማን እንደወገንኩ ግን አልነገሩኝም።

ለነጻነት ይታገል የነበረው ፓርቲ፣ ኮንግረስማ ጉድ ነው። በ1916 ሉክናው ላይ ከሙስሊሞቹ ፓርቲ ከሙስሊም ሊግ ጋር በብቻ ምርጫው ተስማማ። በ1934 ደግሞ የማክዶናልድን ድልድል አልቀበልም፣ አልጥልምም አለ። ማላቪያ በንዴት ተለይቶ የራሱን ፓርቲ አቋቋመ። እዚህ ጋ ስደርስ «ደውልልኝ» ያልከኝ መልእክት ትዝ አለኝ። አልደወልኩም፣ አልደውልምም አላልኩህም። አንተ ግን እንደ ማላቪያ ጥለኸኝ አልሄድክም መሰለኝ። ወይስ ሄደሃል?

ፋይሉን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። ከገጽ 31 ጀምር፤ የፊተኛውን ዝለለው። በቀይ እስክሪብቶህ እንደ ድሮው አትማረኝ።

እሑድ ማታ እደውላለሁ። ስለ ጽሑፉ አይደለም።

ያው ወንድምህ