አባባ፣ ከሐምሌ አምስት በኋላ ይምጡ

ጎተንበርግ፣ ሚያዝያ መጨረሻ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰዎት። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ሻል አለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብኝ የለም። ባለፈው በስልክ ስናወራ «ምን ዓይነት ባሕር ነው? ደሴቱ ላይስ ማን ነው የሚኖረው?» ብለው ጠይቀውኝ፣ ኔትዎርኩ እየተቆራረጠ ሳልመልስልዎት ቀረሁ። በደብዳቤ ይሻላል ብዬ ይኸው ጻፍኩ። ሜሮን ታነብልዎታለች። (ሜሮንዬ፣ ቀስ እያልሽ አንብቢ። አያትሽ ቢያቋርጡሽም አትናደጂ፤ በጣና ላይ ጀልባ ሲነዱ የኖሩ ናቸውና የጀልባ ነገር ሲነሳ ዝም ብለው አይሰሙም።)

በመጀመሪያ የጉዞውን ጊዜ እንጨርስ። ለገና ልምጣ ያሉትን ይተዉት። በገና ሰሞን እዚህ ፀሐይ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ደግሞ ለጉልበትዎ አይሆንም። ቤት ተዘግተን መስኮት መስኮት ስናይ እንከርማለን። የሰኔ ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በመሐል ያለው ጊዜ የእርስዎ ነው። እዚህ አገር በጋ የሚባለው ያው እሱ ነው፤ ባሕሩ ለብ የሚለው፣ ጀልባው የሚበዛው፣ ፀሐይም ከምሽቱ አራት ሰዓት አካባቢ ድረስ የምትቆየው ያኔ ነው። ደግሞ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ስዊድን ድረስ አምጥተን ከምንጣላ፣ ዓሣውን በፍስክ እየበሉ ቢጎበኙ ይሻላል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ባሕር ዳር ወንዝ የሚወጣባት ከተማ ናት፤ ጎተንበርግ ደግሞ ወንዝ የሚገባባት። ዮታ የሚባለው ወንዝ ከባሕሩ በሚገናኝበት አፍ ላይ ንጉሥ ዳግማዊ ጉስታቭ አዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1621 የቆረቆሯት ናት። ከወንዙ አፍ ወጣ ሲሉ ድንጋያማ ደሴቶች ተበትነው ያገኛሉ። ሰው የሚኖርባቸውና እኔ የምመላለስባቸው በስተደቡብ ያሉት ናቸው፦ አስፔሮ፣ ብሬኖ፣ ስቲርሶ፣ ዶንሶ፣ ከሁሉም ወደ ደቡብ ራቅ ብላ ያለችው ደግሞ ቭሮንጎ።

እኔ የምኖርበት በርግሾን ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ ኮረብታ ላይ ያለ፣ እንደ እኔ ከሌላ አገር የመጣ ሰው የሞላበት የፎቅ ሠፈር ነው። ከሠፈራችን የሚነሳው 11 ቁጥር ትራም ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ሳልትሆልመን የሚባል የባሕር ጫፍ ላይ ይቆማል። የመጨረሻው ፌርማታና የጀልባው መሳፈሪያ ጎን ለጎን ናቸው። ለትራሙ የቆረጡት ትኬት ለጀልባውም ይሠራል፤ ተጨማሪ የሚከፍሉት የለም።

ይህን እያወቁ ደሴቶቹን ረግጠው የማያውቁ ሐበሾች በሠፈሬ ሞልተዋል። ችግሩ ገንዘብ አይመስለኝም። ሥራ፣ ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ እንደገና ሥራ ነው። ደግሞ ትራሙ በሄደ ቁጥር ተሳፋሪው ይለወጣል፤ መሐል ከተማውን ካለፉ በኋላ ዐረብኛው፣ ሶማሊኛው፣ ትግርኛው ሁሉ ወርዶ ያልቃል፤ በመስኮት የሚታየውም ግቢው በአበባ የተከበበ ትልልቅ ቪላ ይሆናል። ማንም ሳይከለክለው ሰው «ይሄ የእኛ ቦታ አይደለም» ይላል። ዱሮማ እውነተኛ ክልከላ ነበር። አካባቢው የጦር ቀጠና ስለነበር እስከ እ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ድረስ የውጭ ዜጋ በደሴቶቹ ላይ እንደ ልቡ መዘዋወር አይችልም ነበር። ዛሬ የሚጠይቅዎት የለም። እንዲያውም በዚህ አገር ልማድ የሰው ቤት ደጃፍ እስካልቀረቡ፣ አዝመራም እስካልረገጡ ድረስ በየትኛውም ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ምሳዎን መብላት መብትዎ ነው።

ስለ ጀልባው መስማት እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። በናፍጣ የሚሄድ፣ ከታች መስኮት ያለው ሰፊ ክፍል፣ ከላይ ክፍት ወለል ያለው የብረት ጀልባ ነው። መሳፈሪያው ሲደርስ ካፒቴኑ ሞተሩን አያጠፋም። አንዷ ሠራተኛ ገመዱን በብረቱ ላይ አንዴ ጣል ታደርጋለች፣ ካፒቴኑ ሞተሩን ትንሽ ይገፋል፣ ገመዱ ይወጠርና ጀልባው ግንቡ ላይ ተለጥፎ ቀጥ ይላል። ከዚያ መሸጋገሪያው ይወርዳል፣ ወራጁ ይወርዳል፣ ተሳፋሪው ይገባል፣ ገመዱ ይፈታል። እኔ ገና መቀመጫ ሳልመርጥ ሄደናል። ልጅቷ ገመዱን ስትወረውር ሁልጊዜ የእርስዎን እጅ ነው የማየው።

ድንቅ የሚለኝ ግን ሌላ ነው። አራት ሰው ብቻ ይዞ ሲነሳ አይቻለሁ። እርስዎ ጎርጎራ ላይ ጭነት እስኪሞላ ስንት ቀትር ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል? እነዚህ ሰዎች ጀልባውን የሚቆጥሩት እንደ መንገድ ነው፤ ባዶ ነው ተብሎ መንገድ አይዘጋም። ለዚህ ነው ደሴቶቹ ላይ ሰው የሚኖረው። ልጆች በጀልባ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ነርሷ በጀልባ ሥራ ትገባለች፣ ማታ ደግሞ ገበያ የሸመተው ሁሉ ፌስታሉን ይዞ ይመለሳል። ክረምትም ቢሆን ያው ነው። የጣና ደሴት የመነኩሴና የዓሣ አጥማጅ ነው ይሉ አልነበር? እነ ደቅ ደሴት እንዲህ ያለ ጀልባ ቢኖራቸው ወጣቱ ሁሉ ወደ ከተማ ባልፈለሰ እላለሁ። አይስማሙም ይሆናል፤ ሲመጡ እንከራከርበታለን።

ደሴቶቹ ላይ መኪና የለም። ዕቃ የሚጫነው በሦስት ጎማ ሞተር ነው። ባጃጅን ወደ ኋላ የዞረ አድርገው ያስቡት፦ ሁለቱ ጎማ ከፊት፣ በላያቸው የእንጨት ጣውላ መጫኛ፣ ነጂው ከኋላ። ስቲርሶ ላይ አንድ ሰውዬ ማቀዝቀዣ ጭኖ፣ ማቀዝቀዣው እንዳይወድቅ ሚስቱን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ዳገቱን እያጓራ ሲወጣ አየሁ። ሴትዮዋ አንድ እጇን ማቀዝቀዣው ላይ አድርጋ በሌላው አይስክሬም ትበላለች። እርስዎም ጉልበትዎ እምቢ ካለ በዚያው ነው የምናንሸራሽርዎት።

ከስቲርሶ ድልድይ ተሻግረው ዶንሶ ይገባሉ። ይቺ ለእርስዎ የተፈጠረች ደሴት ናት። ትንሽ ናት፣ ግን ነዳጅና ኬሚካል ጭነው ባሕር ለባሕር የሚዞሩ ትልልቅ መርከቦች ባለቤቶች የሚኖሩባት ናት። አያቶቻቸው ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ ከዓሣ ወደ ጭነት፣ ከጭነት ወደ ነዳጅ እያሉ አደጉ።

ይህን የነገሩኝ በሥራዬ ከምረዳቸው አረጋውያን አንዱ ናቸው። ዕድሜያቸው ከእርስዎ ትንሽ ይበልጣል፤ ዕድሜ ልካቸውን መርከብ ላይ በሞተር ክፍል ነው የሠሩት። አባቴ በጣና ላይ ጀልባ ይነዳ ነበር ስላቸው መድኃኒታቸውን መዋጥ ትተው ካርታ አስመጡኝ። የተራራ አናት ላይ ያለ ሐይቅ ማዕበል አለው ብለው አላመኑኝም ነበር። እሳቸውም በፋንታቸው የጎተቦርግን መርከብ ታሪክ አጫወቱኝ። የስዊድን የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከብ ነበረች፤ የተሰየመችውም በከተማዋ ስም ነው። ከቻይና ሻይ፣ ሐርና የሸክላ ዕቃ ጭና፣ ሁለት ዓመት ተኩል በባሕር ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1745 ወደ ቤቷ ተመለሰች። ውቅያኖሱን ሁሉ አልፋ፣ የከተማዋን ወደብ የሚጠብቀው ምሽግ አጠገብ ስትደርስ፣ አካባቢውን የሚያውቅ መንገድ መሪ ተሳፍሮባት ሳለ፣ ሁሉም የሚያውቀው ድንጋይ ላይ ወጥታ ሰጠመች። ሰው ግን አልሞተም። እሳቸው ሲያወሩት ግን ከሦስት ዓመት በፊት የሆነ ይመስል ያበሳጫቸው ነበር። እርስዎም «መሪው ወዴት እያየ ነበር?» ሲሉ ከአሁኑ ይሰማኛል። እሳቸውም ያሉት ይህንኑ ነው። ከዚያ ወዲህ በዱሮው መልክ ሌላ መርከብ ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሕር ላይ ወርዳለች፤ በ2005 በሸራ ተነስታ ቻይና ደርሳ ተመልሳለች።

እኔ ከሁሉ የምወደው ግን ቭሮንጎን ነው። ከሳልትሆልመን አንድ ሰዓት አይፈጅም። ወደቡ ላይ ቀይ የእንጨት ጎጆዎች አሉ፤ ከዚያ ውጭ አብዛኛው ድንጋይና አጭር ቁጥቋጦ ነው። ድንጋዩ ሹል የለውም። ከአሥር ሺህ ዓመት በላይ በፊት ይህን አገር የሸፈነው የበረዶ ግግር ሲንሸራተት አልፎበት ጀርባውን አለስልሶታል፤ በአንዳንዱ ላይ የጫረበት መስመር እስከ ዛሬ ይታያል። ፀሐይ ሲውልበት ይሞቃል፤ ጋቢዎን አንጥፈው ጋደም ማለት ይችላሉ።

ልጆቹ መሳፈሪያው ላይ በሆዳቸው ተኝተው ሸርጣን ያጠምዳሉ። መንጠቆ የላቸውም። የልብስ መቆንጠጫ በሲባጎ ያስሩና፣ ከድንጋዩ ላይ የለቀሙትን ዛጎል ሰብረው ሥጋውን ቆንጥጠው ያወርዱታል። ሸርጣኑ ምግቡን አልለቅም ብሎ ተንጠልጥሎ ይወጣል። ባልዲ ሙሉ ከሰበሰቡ በኋላ ሁሉንም ወደ ባሕሩ ይመልሱታል። አንድ ዓሣ አጥማጅ ቢያያቸው ምን እንደሚል አላውቅም፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ባያቸው አልጠግብም።

ስለ ውኃው፦ ጨው አለው፣ ግን ከባልቲክ ባሕር የሚወርድ ውኃ ስለሚቀላቀልበት እንደ ውቅያኖሱ አይከብድም። ሌላ አገር ባሕሩ በቀን ሁለቴ ሞልቶ ይጎድላል ሲባል ሰምተዋል፤ እዚህ ያ ነገር እምብዛም አይታወቅም። ውኃውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ይልቅ ነፋሱ ነው፤ ከምዕራብ ሲነፍስ ወደ እኛ ይገፋዋል። መዋኘት ካማረዎት ቀዩን ጄሊ መሰል ፍጡር ብቻ ይጠንቀቁ። ረጅም ክር አለው፤ እንደ ሳማ ይለበልባል። አንዳንድ ትንንሽ ደሴቶች ላይ ደግሞ ወፎች በሚፈለፍሉበት ጊዜ መውረድ ክልክል ነው፤ ሰሌዳ አለው፣ ሰውም ያከብረዋል።

ቪንጋ የምትባለው ከሁሉም ወደ ምዕራብ ወጥታ ያለች ደሴት ናት፤ ከእሷ ወዲያ ክፍት ባሕር ነው። የመርከብ መብራት ማማ አለባት፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1841 የበራ ሲሆን አሁን የቆመው የ1890 ነው። እዚያ የመብራት ጠባቂ ልጅ ሆኖ ያደገ አንድ ዘፋኝ ዛሬ መልኩ 50 ክሮነር ብር ላይ ታትሟል። ወደዚያ የሚሄደው የበጋ ጎብኚ ጀልባ ስለሆነ ባሕሩ ከተቆጣ አይነሳም። ስለዚህ ቃል አልገባልዎትም።

ዓሣውን በተመለከተ ሽሪምፕና ሸርጣን እንደማያቀምሱ አውቃለሁ፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ማን አመጣብዎት። ሄሪንግና ማኬሬል አለልዎት። የሄሪንግ ታሪክ ደግሞ ለብቻው ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በዚህ ዳርቻ እጅግ በብዛት ይገባ ስለነበር ዘይቱ እየተጨመቀ ለመብራት ይሸጥ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጠፋ፤ የመጣለት ሰው ሁሉም ደኸየ። ኮድ የሚባለውም ዓሣ አሁን በዚህ አካባቢ ከመጠን በላይ ተጠምዶ ተመናምኗል፤ ማጥመዱም በጥብቅ የተገደበ ነው። እርስዎ እንቦጩን ባነሱ ቁጥር ሲበሳጩ እኔ የሚታየኝ ይህ ነው፤ ሀብታም አገርም ውኃውን ሊያጠፋ እንደሚችል።

አንድ መልእክት አለብኝ። ሽማግሌው እንዲህ ብለው ይጠይቁዎታል፦ «በጣና ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ድንገት ሲነሳ፣ ዘጌ ሩቅ ከሆነ፣ ወዴት ነው የምትሸሸው?» ስዊድንኛ አይችልም ብላቸውም «በካርታ ያሳየኛል» ብለው ጠብቀዋል። ለሜሮን ይንገሯትና ጽፋ ትላክልኝ።

ፓስፖርትዎ የሚያበቃበትን ቀንም አብራ ፎቶ አንስታ ትላክ። የግብዣ ወረቀቱን የማስገባው እሱን ካየሁ በኋላ ነው። ኤምባሲው አዲስ አበባ ስለሆነ የአውሮፕላን ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ፤ በአውቶቡስ እሄዳለሁ እንዳይሉ። ጫማ አይግዙ፣ እዚህ የማይንሸራተት አለ። ጋቢውን ግን ይያዙ።

ልጅዎ