እማዬ፣ ቀበቶሽን አትፍቺው

እማዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ስትጨርሺም ደህና መሆኔን አስቢ።

አምና ወገቤን የታመምኩት ደረጃ ላይ ወድቄ ነው ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ፤ እንዳትደነግጪብኝ ብዬ ነው። ትናንት ቲኬትሽን ስቆርጥልሽ ግን የበረራው ርዝመት 11 ሰዓት መሆኑን አየሁና ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም።

የተጎዳሁት አውሮፕላን ውስጥ ነው። ከተነሳን ሰባት ሰዓት ገደማ ሆኖናል። ራት ተበልቶ፣ መብራቱ ደብዝዞ፣ ሰዉ እንቅልፍ ላይ ነው። የቀበቶ ምልክቱ ስለጠፋ እኔም ፈትቼ በጎኔ ጋደም ብያለሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ በመስኮት ኮከብ ይታያል። መጀመሪያ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ቀና ልል ስል ወንበሩ ከሥሬ ሸሸ። እኔ የተነሳሁ መሰለኝ እንጂ የወረደው አውሮፕላኑ ነው። ጭንቅላቴ ጣሪያውን መታ፤ ወዲያው ደግሞ ተመልሼ የወንበሩ ክንድ ማሳረፊያ ላይ በቂጤ አረፍኩ። ልጮህ አፌን ብከፍት ትንፋሽ አጣሁ።

ሁሉም ነገር ሲረጋ ከጣሪያው ቡና ይንጠባጠብ ነበር፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጉልበቴ ላይ። አንዷ አስተናጋጅ ቁርጭምጭሚቷ ዞሮ መተላለፊያው ላይ ተቀምጣለች። በአንድ እጇ የወንበር እግር ጨብጣ «ቀበቶ! ቀበቶ እሰሩ!» ትላለች። የራሷን ሕመም ትታ። እስካሁን ድምፅዋ ጆሮዬ ላይ አለ።

አጠገቤ በአንቺ ዕድሜ ያሉ እናት ነበሩ። ቀበቷቸውን ከብርድ ልብሱ በላይ አስረው ነው የተኙት። የእሳቸው መነጽር ብቻ ወደቀ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የእሳቸው ነገር ነው፣ እማዬ። አንድ ዓይነት ወንበር፣ አንድ ዓይነት ንውጥውጥታ፤ እሳቸው መነጽራቸውን አንስተው ሲያደርጉ እኔን በቃሬዛ አወረዱኝ። አንዱ የአከርካሪ አጥንቴ ተጨፍልቆ ተሰንጥቆ ነበር። ሦስት ወር ከደረቴ እስከ ወገቤ የሚይዝ መደገፊያ ለብሼ ከረምኩ። ያኔ ካሜራው ተበላሽቷል እያልኩ በድምፅ ብቻ የማዋራሽ እንዳታዪኝ ነው። ይቅር በይኝ።

ፓይለቱ ለምን አላየውም ትዪ ይሆናል። እኔም ተናድጄ ጠይቄ ነበር። የአውሮፕላን ራዳር የሚያየው ዝናብ ያዘለ ደመናን ነው። ከፍ ብሎ በጣም ፈጣን ነፋስ እንደ ወንዝ ይፈሳል፤ እሱ ከዝግተኛው አየር ጋር በሚፋተግበት ዳር አየሩ ይናወጣል። እዚያ የሚታይ ደመና ስለሌለ ራዳሩ አይደርስበትም። ነገሩ ደግሞ እየባሰ ነው። የእንግሊዙ ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) ባወጡት ጥናት፣ በሰሜን አትላንቲክ ላይ እንዲህ ያለው ከባድ የጠራ ሰማይ ንውጥውጥታ ከ1979 እስከ 2020 በ55 በመቶ ጨምሯል።

በግንቦት 2024 ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ይበር የነበረው አውሮፕላን ምያንማር ሰማይ ላይ የገጠመውን በዜና ሰምተሽው ይሆናል። የ73 ዓመት አዛውንት ሕይወታቸው አለፈ፤ ብዙ ሰው አከርካሪውን ተጎድቶ ባንኮክ ሆስፒታል ገባ። መርማሪዎቹ ሲያስሉት ዋናው ጉዳት የደረሰው በ4.6 ሰከንድ ውስጥ ነው፤ አውሮፕላኑ የወረደውም 178 ጫማ፣ 54 ሜትር ገደማ ብቻ። በ4.6 ሰከንድ ውስጥ ከእንቅልፍ ነቅቶ፣ ቀበቶ ፈልጎ የሚያስር ማን አለ?

አውሮፕላኑ ይሰበራል ብለሽ ግን አትስጊ። ክንፉ ሲወዛወዝ ብታዪ አትደንግጪ፤ እንዲለመጥ ተደርጎ ነው የተሠራው። ይገጥመዋል ተብሎ ከሚታሰበው ከፍተኛ ጫና አንድ ተኩል እጥፍ እንዲሸከም ይፈተናል። የሚሰበረው ያልታሰረ ሰው ነው። አጥንትሽ መሳሳቱን ሐኪምሽ ስለነገረን ደግሞ የእኔው ዓይነት አወዳደቅ አንቺን እንዴት እንደሚያደርግሽ ማሰብ እንኳ አልችልም።

ስለዚህ ምልክቱ ጠፋም አልጠፋም እሰሪው። ሆድሽ ላይ ሳይሆን ዝቅ አድርገሽ ዳሌሽ ላይ፣ ጠበቅ አድርገሽ። ስትተኚ ከብርድ ልብሱ በላይ ይሁን፤ አስተናጋጆቹም አይተውት አይቀሰቅሱሽም። እግርሽ እንዳያብጥ ተንቀሳቀሺ መባልሽን አውቃለሁ። መተላለፊያ ዳር ያለውን ወንበር የያዝኩልሽ ለዚሁ ነው። ምልክቱ ሲጠፋ የወንበሮቹን ጀርባ እየያዝሽ ሄደሽ ተመለሺ፤ በተረፈው ጊዜ ተቀምጠሽ ቁርጭምጭሚትሽን አሽከርክሪ። ቆመሽ ሳለ ቢጀምር ወደ ወንበርሽ አትሩጪ። ቅርብሽ ያለው ባዶ ወንበር ላይ ቁጭ በይ፤ ከሌለ ወለሉ ላይ ተቀምጠሽ የወንበር እግር ያዢ። ማንም አይታዘብሽም። አስተናጋጆቹ ሲቀመጡ ካየሽ ደግሞ ሻይ አትጠይቂ፤ ሻይ ይቆያል።

ስትደርሺ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ሻንጣሽን የሚያነሳው ግን ወንድሜ ነው። ለምን እንደሆነ አሁን ታውቂያለሽ።

የምትወድሽ ልጅሽ