እጅህ አልከዳህም

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፦

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

«ብየዳ ላይ እጄ ከዳኝ» ብለህ የላክልኝን የመስኮት ፍሬም ፎቶ አጉልቼ ደጋግሜ አየሁት። ብየዳው ሲጀምር መጋጠሚያው ላይ ልክ ተቀምጧል። አራት ጣት ያህል ከሄደ በኋላ ግን ቀስ እያለ ወደ አንዱ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነው ብረት) ወጥቷል፤ ጫፉ ላይ መጋጠሚያው ክፍት ሆኖ ቀርቷል። ስፋቱ ግን አልተዛባም፣ ሞገዱም እኩል ነው። እጅ ሲደክም እንዲህ አይሆንም፤ አንዴ ይጠባል፣ አንዴ ይሰፋል፣ አንዱ ቦታ ላይ ይከመራል። ያንተ እጅ በእኩል ፍጥነት ሄዷል፤ የሄደበትን መስመር ነው ያላየው። ስለዚህ «እጄ ከዳኝ» ማለቱን ተውና ዓይንህን እንርዳው።

ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ከ40 ዓመት ወዲህ እየጠጠረ ስለሚሄድ ቅርብ ያለውን ነገር አጥርቶ ማሳየት ያቅተዋል። ይህ ማንንም አይምርም፤ አንተ ደግሞ 48 ዓመት ሆኖሃል። የሚያስፈልግህ መነፅር ነው፤ ግን ለጋዜጣ የሚሆነው ሳይሆን ለብየዳ ርቀትህ የሚሆነው።

ርቀቱን እንዲህ ለካ። ማሽኑ ጠፍቶ የብየዳ ማስክህን ድፋ፤ እንደምትበይድ ሆነህ ቁጭ በል፤ ረዳትህ ከዓይንህ እስከ ኤሌክትሮዱ (እየቀለጠ የሚበይደው ዘንግ) ጫፍ በሜትር ይለካልህ። የመነፅሩን ቁጥር ለማግኘት 100ን ለሴንቲሜትሩ አካፍለው። 50 ሴንቲ ከሆነ 2 ይመጣል፣ 40 ከሆነ 2.5። ይህ ዓይን በራሱ ምንም ማጥራት ሲያቅተው የሚፈልገው ጣሪያው ነው። ያንተ ዓይን ገና አቅም ስላለው ከ1.25 ጀምርና በ0.25 እየጨመርክ ሞክር። መሞከሪያው እጅህ ላይ አለ፤ ኤሌክትሮዱ ልባስ ላይ የታተመችውን «6013» የምትል ጽሑፍ መጋጠሚያው ላይ አስቀምጠህ፣ ጭንቅላትህን ሳታቀርብ አንብባት። ጽሑፏ ጥርት ያለችበት ትንሹ ቁጥር ነው ያንተ።

ቁጥሩ በበለጠ ቁጥር የተሻለ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ባለ 3 መነፅር አጥርቶ የሚያሳየው እስከ 33 ሴንቲ ገደማ ነው፤ ከዚያ ርቆ ያለው ይደበዝዛል። ሳታውቀው ጭንቅላትህ ወደ አርኩ፣ ወደ ብየዳው እሳት፣ ይጠጋል፣ ጭሱ በማስኩ ሥር ይገባል፣ አንገትህም ማታ ማታ ይይዝሃል። ታችኛው ግማሽ ብቻ የሚያቀርብ ባለ ሁለት እይታ መነፅርም ለብየዳ አይመችም፤ በታች በኩል ለማየት አገጭህን ሽቅብ ታነሳና አርኩን በማስኩ ጠርዝ ማየት ይመጣል። ሙሉውን አንድ ቁጥር የሆነ ይሁን።

ሌላው አማራጭ ማስኩ ውስጥ ከጥቁሩ መስታወት ኋላ፣ በፊትህ በኩል የሚገባው አጉሊ ሌንስ ነው። የተለመደው መጠን 51 በ108 ሚሊሜትር ነው። በመነፅር ላይ ከደረብከው ቁጥሮቹ ይደመራሉ፤ 1 እና 1.5 ብታደርግ 2.5 ሆነ ማለት ነው። የሚጠራው መሃሉ ስለሆነ የማስኩን ቀበቶ ዓይንህ ከሌንሱ መሃል እስኪገጥም ከፍ ዝቅ አድርገው፤ በጠርዙ ካየህ ቀጥ ያለው ቱቦላሬ ራሱ ጎብጦ ይታይሃል። ሌንሱ ጥቁሩን መስታወት አይተካም፤ ጥቁሩ ምንጊዜም ቦታው ላይ ይኑር።

አሁን ስለ ብርሃን፤ ከመነፅሩ እኩል የማየው ጉዳይ ነው። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ከ20 ዓመት ወጣት ጋር ሲነፃፀር ወደ ውስጥ የሚያስገባው ብርሃን አንድ ሦስተኛ ያህል ነው፤ አንተም ወደዚያው እየሄድክ ነው። ጣሪያ ላይ የተሰቀለች አምፖል በጥቁር መስታወት ውስጥ ምንም አታደርግልህም። ጠንካራ ፓውዛ ከጎንህ፣ ከሥራው አንድ ክንድ ያህል ብቻ አርቀህ፣ አርኩ ገና ወዳልደረሰበት መስመር አዙረው። ከኋላህ ግን ፈጽሞ አይሁን። ከጀርባ የመጣ ብርሃን ማስኩ ውስጥ ገብቶ መስታወቱ ላይ ያንፀባርቃል፤ የምታየው መጋጠሚያውን ሳይሆን የራስህን ሸሚዝ ይሆናል። ጠዋት ፀሐይ በበሩ ስትገባ ጀርባህን ለበሩ ሰጥተህ አትቀመጥ። ከማስኩ ኋላ አንገትህን የሚሸፍን ቆዳ ወይም ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ስፋበት፤ ናይለን ግን ፍንጣሪ ያቀልጠዋልና አይሆንም።

«ጨለመብኝ» ብለህ የጥቁሩን መስታወት የጥቁረት ቁጥር ዝም ብለህ አታውርድ። በ2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፔር፣ በ3.2 ደግሞ ከ90 እስከ 130 ነው የምትሠራው። ለዚህ የሚመከረው መስታወት ባለ 10 ነው፤ የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ደንብ ደግሞ ከ8 በታች መውረድ ይከለክላል። ከጠቆረው ጀምረህ የቀለጠው ብረት በደንብ እስኪታይህ አንድ አንድ ውረድ። 9 ላይ ደርሰህም ካልታየህ ችግሩ ጥቁረቱ አይደለም፤ ወደ መነፅሩና ወደ ብርሃኑ ተመለስ። ሰፈር ውስጥ በፀሐይ መነፅር የሚበይዱትን እንዳታይ፣ አደራ። የፀሐይ መነፅር ለአርክ ምንም ማለት አይደለም።

የፊተኛውን ነጭ መስታወት በጥፍርህ ዳስሰው። ጉብ ጉብ ካለ ፍንጣሪ በልቶታል ማለት ነውና ቀይረው፤ ከኤሌክትሮድ ፓኮ በታች ለሚያወጣ ነገር ዓይንህን አታድክም። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ አትፈግፍገው፤ በውሃና በሳሙና እጠበው።

ብረቱንም ለዓይንህ አዘጋጀው። መጋጠሚያውን ግራና ቀኝ 2 ሴንቲ ያህል በግራይንደር እስኪያብረቀርቅ ጥረገው፤ የነጣው ብረት መሃል ስንጥቁ እንደ ጥቁር ክር ይታያል። ከስንጥቁ 1 ሴንቲ ርቀህ ትይዩ መስመር በብረት ቾክ አስምር፤ አርኩ ስንጥቁን ቢያደበዝዝብህ እንኳ ቾኩ ይመራሃል። በየ10 ሴንቲው በብየዳ ነጥብ ነጥብ አድርገህ ያዘው። ግራይንደር ስትይዝ ግን የማንበቢያ መነፅር ፍንጣሪ አይከላከልምና መከላከያውን ከላይ ድረብ።

ስትበይድ አርኩን አትመልከት፤ የቀለጠውን ብረት ጠርዝ ተመልከት። የቀለጠው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ ስላጉ (ከኤሌክትሮዱ ልባስ የሚወጣው ቅርፊት) ከኋላው ደብዘዝ ብሎ ይከተላል። ዓይን ሁለቱን መለየት ሲያቅተው ስላጉ ወደ ፊት ቀድሞ ብየዳው ውስጥ ይቀበራል፤ ስትቀጠቅጠው ጉድጓድ የምታገኘው ለዚህ ነው። ሌላው ምልክት የአርኩ ርዝመት ነው። ከኤሌክትሮዱ ሽቦ ውፍረት መብለጥ የለበትም፤ ዓይን ሲደክም ሳይታወቅ ይረዝማል፣ ፍንጣሪው ይበዛል፣ ስሱን ቱቦላሬም ይበሳዋል።

ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው መነፅር ሁለቱም ዓይን እኩል እንደሆነ ቆጥሮ የተሠራ ነው፤ ያንተ ላይሆን ይችላል። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ የለካኸውን ርቀት በሴንቲሜትር ንገራቸው፤ ካልነገርካቸው የሚሰጡህ የማንበቢያ ነው። የዓይንህን ግፊትም ይለኩልህ፤ ግላኮማ የሚባለው የዓይን ነርቭ በሽታ ከ40 በኋላ ሳያሳምም ነው ዓይንን የሚሰርቀው። ማታ መብራት ዙሪያ ቀለበት የሚታይህ ወይም ቀለም የሚፈዝብህ ከሆነ ሞራ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ደግሞ ምንም ዓይነት አጉሊ ሌንስ አያጠራውም። አዲስ አበባ መምጣት ከቻልክ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አብረን እንሄዳለን።

እስከዚያው ርቀቱንና የማስክህን መስታወት ወርድና ቁመት ለክተህ ላክልኝ። 51 በ108 ከሆነ አጉሊ ሌንሱን መርካቶ ፈልጌ በሚመጣ ሰው እልክልሃለሁ።

አባትህ